ከማን የሚለው ዓምድ

ግሽ ዓባይ ሰፈር ውስጥ፣ ባላለቀ ፎቅ ላይ፣
ሦስተኛው ደርብ ነው ቢሯችን፣ ሐይቁን በጨረፍታ የሚያይ።
ለደረጃው መደገፊያ ሊሠሩለት ረስተዋል፤
አቶ ገደፋው ግን በሰባ ሁለት ዓመቱ
በየጧቱ ይወጣዋል፣ ፋይሉን ሸጉጦ በብብቱ።

ሠላሳ ዓመት ጉምሩክ፣ መተማ ኬላ ላይ፣
የጆንያ ሆድ ዳብሶ፣ ሳይፈታ ውስጡን የሚያይ።
አሁንም ያው ነው ሥራው፤
ጆንያው ፓርቲ ሆነ እንጂ፣ ማኅበር ሆነ፣ የእርዳታ ድርጅት፣
ያው ጣት ነው፣ ያው ዳሰሳ፣ ያው ጥርጣሬ፣ ያው ትዕግሥት።

«የአባት ወግ ማለት» ይላል፣ «በርኖስና ጥምጣም አይደለም፤
የተቀበሉትን መቁጠር ነው። ከዚህ የሚበልጥ ወግ የለም።»

እኔ የባንክ ቤት ልጅ ነኝ። የሚቀጥረኝ አጥቼ
እዚህ ገባሁ፣ ባለ አራት ዓምድ ሠንጠረዥ ዘርግቼ፦
ቀን። መጠን። ለማን። ከማን።
ሦስቱ ቶሎ ይሞላሉ።
አራተኛው ነው የሚያመን።

ወይዘሮ አስረበብ፣ የሰንበቴው ገንዘብ ያዥ፣
አንድ ቀን መነጽሯን አውልቃ፣
«ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ ይል የለም?» አለችው።
«እሱ ለምጽዋት ነው» አለ፣ ማኅተሙን በቀለም እያራሰ፣
«ለምርጫ ሣጥን ሲሆን ግን ግራውም ቀኙም ይጠየቅ፣
እስከ ክንዱ፣ እስከ ትከሻው፣ እስከ ካፖርቱ ኪስ ድረስ።»

ጥቅምት ላይ የእምቦጩ ፋይል ተከፈተ።
ስሙ ያማረ ማኅበር ነው፣ አረም ሊነቅል የዘመተ።
ነዳጅ ይላል ደረሰኙ፣ ሞተር ለሌለው ጀልባ።
አበል ይላል፣ ለሦስት መቶ ሰው፤
ከታች ጣት፣ ጣት፣ ጣት፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ።
በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ማተሚያ ቤት፣ በዚያው ወረቀት
የአንድ እጩ ፊት ታትሞ
የዘንባባው ግንድ ሁሉ ፈገግ አለበት።

«ሄደሽ ጠይቂ» ተባልሁ። ወረድሁ ወደ ሽምብጥ፣
ደንገሉ ከታጨደበት፣ ባጃጅ ከሚታጠብበት።
አንማው የሚሉት አስጋሪ ቆሮሶ ሲፍቅ አገኘሁት።
«ፎገራ ሄደህ ነቅለሃል?»
«ነቅያለሁ። በአይሱዙ ተጭነን፣ ውኃው እስከ ብብታችን።»
«ስንት ሰጡህ?»
«መቶ ሃምሳ።»
«እዚህ አራት መቶ ይላል። ይሄ ጣት ያንተ ነው?»
አውራ ጣቱን ሽቅብ አነሣው፤ ቅርፊት ተለጥፎበት ያበራል።
«ጣቱ የኔ ነው፣ እታለም። የተናገረውን ግን እሱ ያውቃል።»

ገደፋው ይሄን ሲሰማ ሳቀ፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።
«በደማቁ ጻፊው» አለኝ፣ «አንዲት ፊደል እንዳይቀርም።»

ሪፖርቱን ልጠርዝ ብዬ የራሳችንን ሣጥን ስበረብር
የቢሮው ኪራይ ደረሰኝ፣ የስድስት ወር።
ከማን? አንድ ወዳጅ።
ማራገቢያው፦ አንድ ወዳጅ።
ቀለሙ፣ ወረቀቱ፣ ሻይ ቤት ያለብን ዱቤ፣
የኔም ደመወዝ፣
ባለፈው ለልጄ ጫማ የገዛሁበት፣
አንድ ወዳጅ።

«ጋሼ፣ ማነው?» አልሁት።
በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አየ። ሻላዎች ይንሳፈፋሉ፤
ከሥር እየቀዘፉ፣ ከላይ የቆሙ ይመስላሉ።
«የኛ ሰው ነው» አለ።
«እነዚያም» አልሁት፣ «ስጠይቃቸው ይሄንኑ ነው ያሉኝ።»
ቆቡን አንሥቶ ወረደ፣ መደገፊያ በሌለው ደረጃ፤
ቆጠርሁለት፦ ሠላሳ ስምንት እርምጃ።

ሁለት ቀን አልመጣም። አስረበብ «አሞት ነው» አለች፣
ዓይኔን ሳታይ።
በሦስተኛው ማለዳ በሩ ተከፍቶ ቆየኝ፣
ሰው ግን የለም። ጠረጴዛው ላይ የኔው ሠንጠረዥ፣
አንድ ረድፍ ተጨምሮበት፣ ከአንማው ጣት በላይ፣ ከሁሉም በፊት፤
ቀኑ አለ፣ መጠኑ አለ፣
ለማን በሚለው የኛ ስም፣ በሙሉ ፊደል።
ከማን በሚለው ውስጥ፣ በዚያ በጉምሩኩ ቀይ እርሳስ፣
ጆንያ ላይ ሲጽፈው እንደኖረ፦
«አልተፈተሸም። እንዳያልፍ።»